ጣና ዳር ስትመጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣናን እያየሁ ነው ያደግሁት። ባሕር ዳር እንግዳ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ግን አንዳንዱ ሰው ውሃው ዳር የሚያደርገውን ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል። ጣና ሲያዩት የተኛ ነው የሚመስለው። ሰውን የሚያሳስተውም ይሄ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ጉማሬን እንደ ላም ማየት ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ለማየት ብዙ ሰው በጀልባ ይሄዳል። አንድ ቀን እኔም ከእንግዶች ጋር ነበርኩ። መጀመሪያ የታዩን ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ናቸው። ብቅ አሉና ውሃቸውን አራገፉ። ቀጥሎ ዓይኖቹ መጡ። ከዚያ በአፍንጫው እፍ ብሎ ውሃ ረጨና አፉን በረገደው። «አዛጋ! እንቅልፉ መጥቷል» አለ አንዱ ልጅ፤ ስልኩን ይዞ ወደ ጀልባው ጫፍ ተጠጋ። ጀልባ ነጂው አንድም ቃል ሳይናገር ሞተሩን አዙሮ ወደ ኋላ ወሰደን። ጉማሬ እንዲያ አፉን ሲከፍት ብዙ ጊዜ ጥርሱን እያሳየ «ራቁ» ማለቱ ነው። ግልገል የያዘች እናት ከሆነችማ ማስጠንቀቂያውንም ላትሰጣችሁ ትችላለች።

የብስ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው። ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል፤ የሚሄደውም በለመደው መንገድ ነው። ደንገሉ መሀል ተረጋግጦ የተከፈተ መተላለፊያ ካያችሁ እዚያ አትቁሙ። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው፤ መሀል ላይ የቆመ ሰው ካገኘ ዞሮ አያልፈውም። ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ነው። ሆኖም በአጭር ርቀት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ስለዚህ አመሻሽ ላይና ሊነጋጋ ሲል ብቻችሁን ዳር ዳሩን አትንሸራሸሩ።

ሌላው ስህተት ጀልባን ለከሰዓት ማስቀመጥ ነው። ቁርስ፣ ቡና፣ ጨዋታ ሲባል ረፋዱ ያልፋል። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት ግን ንፋሱ ይነሳል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት እያለው ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ንፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ አጭርና ድንገተኛ ይሆናል፤ ጀልባውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ስትሄዱ በጠዋት ተነሱ። ላይፍ ጃኬቱንም ልበሱት፤ መቀመጫ አታድርጉት።

ሦስተኛው ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ሙቀቱ ሲጠና ዳር ላይ ገብቶ መታጠብና መዋኘት ያምራል። «ውሃው እኮ ንጹህ ነው» ይላሉ። የቢልሃርዚያ ትል ግን በዓይን አይታይም። ሣርና ቅጠላ ቅጠል ባለበት ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። ትሉ ከእነሱ ወጥቶ የሰውን ቆዳ ይበሳና ይገባል። በብዛት የሚወጣውም ቀን፣ ሰው ልዋኝ በሚልበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ያሳክክ ይሆናል፤ ወይም ምንም አይሰማችሁም። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሊመጣ ይችላል። ሳይታከም ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። ደስ የሚለው ነገር መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ዳር ላይ ገብታችሁ ከነበረ፣ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም ቢሆን ተመርመሩ። ለሐኪሙም ጣና ገብቼ ነበር በሉት፤ አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ይህን ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል።

እምቦጭ የሚባለውን የውሃ አረምም አበባው ስላማረ ቀጥፎ ወይም ከነሥሩ ነቅሎ የሚወስድ አለ። እባካችሁ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከተረጋገጠ ጀምሮ ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ከቁራጭ ግንዱ እንደገና ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ፎቶ አንሱትና እለፉ።

የመጨረሻው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሚያዝያ ሄዶ «የታለ ጢሱ?» ብሎ አስጎብኚውን የሚቆጣ ሰው አይቻለሁ። በበጋ ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፤ ከላይ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃ ይጠለፋል። ከነሐሴ እስከ መስከረም ኑ። ድምፁን ከሩቅ ትሰሙታላችሁ፤ ሲቀርቡ ፊት ላይ እንደ ካፊያ ያርፋል። ያን ጊዜ ግን ድንጋዩ ሁሉ ርጥብ ነውና ለፎቶ ብላችሁ ጠርዝ ላይ እንዳትወጡ። ሶላቸው ያለቀ ጫማዎችንም ሆቴል ተዉአቸው።