የውሃ ድብ ፍለጋ ከእንጦጦ እስከ መናገሻ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የበረዶ ግግር ላይ በዓይን የማይታዩ እንስሳት ይኖራሉ። ታርዲግሬድ ይባላሉ፤ የውሃ ድብ የሚላቸውም አለ። ሮቲፈር የሚባሉ ጎረቤቶችም አሏቸው። ማይክሮስኮፕ እጁ የገባ የአዲስ አበባ ዳር ተማሪ ቪዲዮአቸውን እንዳየ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «እኛስ ጋ ይገኛሉ?»

ዘመዶቻቸው ይገኛሉ። እንጦጦም፣ የካም፣ መናገሻም። ፍለጋው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ደግሞ እነዚህ ፍጥረታት የውሃ እንስሳት መሆናቸውን ከመርሳት ነው። ዝናዋን የወሰደችው በረዶዋ ናት፤ የሚያኖራቸው ውሃው ነው።

የዘነበ በረዶ ለቅሞ ማየት

ሐምሌና ነሐሴ ሱሉልታ በኩል በረዶ ሲጥል ልጆች በጣሳ ይለቅሙና አቅልጠው ማይክሮስኮፕ ሥር ያደርጉታል። ከአቧራ በቀር የሚያገኙት የለም። ከሰማይ የወረደ በረዶ መሬት ነክቶ ብዙም ሳይቆይ ይሟሟል። ማን መጥቶ ይስፈርበት? የኅዳርና የታኅሣሥ አመዳይም ፀሐይ ሲነካው የሚጠፋ ነው።

ግግር ሌላ ነገር ነው። ዓመት በዓመት የተደራረበ በረዶ በራሱ ክብደት ተጨምቆ፣ ጠጥሮ፣ ቀስ እያለ ቁልቁል የሚንሸራተት ነው። በአፍሪካ እንዲህ ያለው የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ቢሆንም ግግር የለውም። የባሌው ሳነቴ አምባ በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር ነበረበት፤ ዛሬ የለም።

«በረዶ ውስጥ ነው የሚኖሩት» ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ካልገባ ሌላው ሁሉ አይገባም።

እንስሳቱ በረዶ ውስጥ ተቀርቅረው አይኖሩም። የሚኖሩት ኩሬ ውስጥ ነው፤ በጣም ትንሽ ኩሬ። ነገሩ የሚጀምረው ከአቧራ ነው። ነፋስ ያመጣው አፈር፣ ጥላሸትና የድንጋይ ብናኝ ግግሩ ላይ ያርፋል። ነጩ በረዶ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን መልሶ ይረጨዋል። ጥቁሩ ብናኝ ግን ይውጠዋል። ስለዚህ ይሞቃል፤ ከሥሩ ያለውን በረዶ እያቀለጠ፣ ፍም ሰም ላይ ሲወድቅ እንደሚያደርገው፣ ወደ ታች ይሰምጣል። በመጨረሻ ከሥሩ ጥቁር ደለል፣ ከላዩ ጥርት ያለ ውሃ ያለው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ይሆናል። ደለሉን ክራዮኮናይት ብሎ የሰየመው አሳሹ አዶልፍ ኤሪክ ኖርደንሽልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ግሪንላንድ ላይ።

ደለሉን ቀረብ ብሎ ላየው ዝም ያለ ጭቃ አይደለም። ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ክር መሳይ ረቂቅ ተሕዋስያን ብናኙን እርስ በርሱ አስረው ጥቃቅን ጥቁር እንክብሎች ያደርጉታል። ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። አልጌና ሌሎች ባክቴሪያዎችም ይታከሉበታል። እነዚህን የሚመገቡት ታርዲግሬድና ሮቲፈር ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከእነሱ በላይ በላተኛ የለም። አፈር ውስጥ በየቦታው የማይጠፉት ክብ ትሎች፣ ኔማቶዶቹ፣ እነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ እምብዛም አይገኙም። ይሄ እኔን ሁሌ ይገርመኛል።

ውሃው ከ0 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ጥላ የለም፤ ፀሐዩ ከላይም ከበረዶውም ይመጣል። አልፕስ ተራሮች ላይ በግግር የሚኖሩ አንዳንድ ታርዲግሬዶች ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ ቀለም አላቸው። ቀለሙ ከጨረር እንደሚከላከልላቸው ይታመናል።

ሩዌንዞሪ ላይ ደግሞ ነገሩ ወደ እኛ ሰፈር ይቀርባል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ዩጋንዳ በኩል ባለው ግግር ላይ ከሞስ ቅንጣቶች የተገመዱ እንክብሎች አግኝተዋል፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሞስ የምለው ድንጋይና አሮጌ ግንብ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለውን አጭሩን አረንጓዴ ተክል ነው። እንጦጦ ላይ ሞልቷል። ቅጠሎቹ መካከል ስስ ውሃ ይይዛል፤ ታርዲግሬድ ለመንቀሳቀስም ለመተንፈስም የሚበቃው ያ ነው።

ሁልጊዜ የሚንጠባጠበውን ሞስ መምረጥ

ውሃ ከወደዱ በጣም እርጥቡ ይሻላል ተብሎ ምንጭ አጠገብ ያለው ይነቀላል። ይልቅ አንዴ የሚደርቅ፣ አንዴ የሚርስ ሞስ ይሻላል። የድንጋይ አጥር አናት፣ የቆየ የመቃብር ድንጋይ፣ የቤት ክዳን ጠርዝ። ድርቀቱን የማይችሉ ሌሎች እንስሳት እዚያ ስለማይበረቱ ታርዲግሬዱ ቦታ ያገኛል።

ዛፍ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ ባሕር ዛፉን እለፉት። ነጭ ባሕር ዛፍ ልጡን በየጊዜው እየላጠ ይጥላል፤ ሞስ ደግሞ ተረጋግቶ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። እንጦጦን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ስለሆነ ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ እዚያው ሲዞር ይመሻል። መናገሻ ሱባ ጫካ ያሉት አሮጌ ጥዶች ከሱ በብዙ ይሻላሉ። ጫካው ጥበቃ ያለው ስለሆነ ግን ፈቃድ ሳይጠይቁ መንቀል የለም።

ላስቲክ ውስጥ ማፈን፣ የቧንቧ ውሃ መጨመር

እርጥብ ሞስ ላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ቢያድር ይበሰብሳል። በወረቀት ጠቅልሉት፤ ቢደርቅም ችግር የለውም። መልሶ ለማርጠብ የዝናብ ውሃ ይሻላል። የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት ዕቃ ላይ አሳድሩት።

ቸኩሎ ማየት፣ አጉልቶ ማየት

ሞሱን በውሃ ነክረው በአምስት ደቂቃ ውስጥ «የለም» የሚሉ አሉ። ደርቆ የሰነበተ እንስሳ እንዲነቃ ጊዜ ስጡት፤ ጥቂት ሰዓታት፣ ባይሆን ሌሊቱን። ከዚያ ሞሱን ሳህን ላይ ጨምቁት። ውሃው ይጥለል፤ የምትፈልጉት ከታች ደለሉ ላይ ነው። በስትሮ ጫፍ ጥቂት አንሱ።

ሌላው በ400 እጥፍ መጀመር ነው። አብዛኛው ታርዲግሬድ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ እውነት ነው። ቢሆንም በዚያ መጠን ሲጎላ የምታዩት ቦታ ስለሚጠብ እንስሳው ከጎን ያልፋችኋል። በ40 እጥፍ ጀምሩ። መጀመሪያ እየተጣጠፈ የሚወራጨውን ታያላችሁ፤ እሱ ኔማቶድ ነው። አፉ ዙሪያ መንኮራኩር የሚያሽከረክር የሚመስለው ሮቲፈር ነው፤ የሚሽከረከር ነገር የለም፣ ጥቃቅን ፀጉሮቹ ተራ በተራ ስለሚመቱ ነው። ታርዲግሬዱ መጨረሻ ይመጣል፦ ድብልብል፣ ስምንት እግር፣ በየእግሩ ጫፍ ጥፍር። አሸዋ ቅንጣት ላይ በጥፍሩ ይንጠለጠላል፤ ውሃው መሃል ከተለቀቀ ግን እግሩን በከንቱ ያንፈራግጣል፤ መዋኘት አይሆንለትም።

«ምንም ቢያደርጉት አይሞትም»

ይሄ ከሁሉም የተወራው ነው፤ ብዙ እንስሳም ፈጅቷል። ልጆች ፈልቶ የወረደ ውሃ ያፈሱበታል፣ አምፖል ሥር ያደርቁታል፣ ከዚያ እስኪነሳ ይጠብቃሉ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ታርዲግሬድ ውሃ ሲያጣ እግሩን ሰብስቦ ይኮማተራል፣ የሰውነቱን ውሃ አብዛኛውን ይለቃል፣ የሕይወት እንቅስቃሴው የቆመ ያህል ይሆናል። በዚያ ሁኔታ ብዙ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከአንታርክቲካ ተለቅሞ በበረዶ ከተቀመጠ ሞስ የወጡ ታርዲግሬዶች ከ30 ዓመት በኋላ ነቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ጠፈር ተልከው ባዶውን ጠፈር ችለው የተመለሱ አሉ፤ ሙሉው የፀሐይ ጨረር ያገኛቸው ግን በአብዛኛው አልተረፉም።

ዋናው ቁም ነገር፣ ለመኮማተር ጊዜ ይፈልጋል። አምፖል ሥር በአንዴ ከደረቀ ይሞታል። ነቅቶ የሚንቀሳቀሰው ደግሞ ጭራሽ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በድርቀት ቻይነቱ የታወቀ አንድ ዝርያ ነቅቶ ሳለ 37 ዲግሪ አካባቢ አንድ ቀን ሲቆይ ግማሽ ያህሉ እንደሚሞት አሳይቷል።

የግግሮቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ከ0 ዲግሪ ብዙም ለማይርቅ ውሃ የተፈጠሩ ናቸው፤ ግግሩ ሲያልቅ ኩሬውም ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1912 ኪሊማንጃሮን ሸፍኖ ከነበረው በረዶ 85 በመቶው እስከ 2007 ጠፍቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ የኪሊማንጃሮና የኬንያ ተራራ ግግሮች እስከ 2050 ሊጠፉ እንደሚችሉ ገልጿል። ጠፈር የቻለ እንስሳ ይህን ይችላል ብሎ መደምደም አይቻልም።

«የግግሩን ዝርያ አገኘሁ» ብሎ መለጠፍ

እንጦጦ የተገኘው የግግሩ ዘመድ እንጂ እሱ ራሱ ነው ለማለት አያስደፍርም። ዝርያ የሚለየው በጥፍሩ ቅርጽ፣ በአፉና በጉሮሮው አሠራር፣ አንዳንዴም በእንቁላሉ ላይ ባለው ቅርጽ ነው። ይህ የተሻለ ማይክሮስኮፕና የባለሙያ ዓይን ይፈልጋል። እናንተ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ድንጋይ ይሁን ዛፍ፣ ፀሐይ ያገኘዋል ወይስ ጥላ ነው የሚለውን ጻፉ። ከአንድ ቦታ ከአንድ ብር ሳንቲም የሚበልጥ ሞስ አትንቀሉ። አይታችሁ ስትጨርሱ የተረፈውን እዚያው ድንጋይ ላይ መልሱት።