የጃቫ አኖቴሽናችሁ በሪፍሌክሽን አልታይ ካለ
የራሳችሁን አኖቴሽን (ኮድ ላይ የሚለጠፍ ተጨማሪ መረጃ) ሠርታችሁ ክላሱ ላይ አድርጋችሁት፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ እየሠራ ስለራሱ ኮድ መረጃ የሚያነብበት መንገድ) አኖቴሽኑን የሚፈልገው «ጌት አኖቴሽን» ነል (ባዶ) እየመለሰ ካስቸገራችሁ፣ አኖቴሽኑ የተጻፈበት ፋይል ላይ መረጃው እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚወስነውን «ሪቴንሽን» ጨምሩና «ረንታይም» በሉት። ካልተጻፈ ጃቫ በራሱ «ክላስ» የሚለውን ይይዛል፤ መረጃው ክላስ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ሪፍሌክሽን አያገኘውም። ኮዱ ያለምንም ስህተት ኮምፓይል ስለሚሆን ደግሞ ችግሩ ቶሎ አይገኝም።

ንዑስ ክላሶችም እንዲወርሱት ከተፈለገ «ኢንሄሪትድ» ይጨመርበታል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፦ የሚያወርሰው ከወላጅ ክላስ ብቻ ነው፤ ኢንተርፌስ ወይም ሜተድ ላይ ያለውን አያሻግርም።

ኮምፓይለሩ ብቻ ለሚያነበው አኖቴሽን ግን ረንታይም አታድርጉ፤ «ሶርስ» (ኮምፓይል ሲሆን የሚቀር) ይበቃዋል።