ያለቀ የፔዳል ጎማ እንዴት ይፈተሻል፣ እንዴትስ ይቀየራል?

የሚኒባስ ሾፌር ስለ ጎማ ሲያወራ የሚያስበው መሬት ስለሚረግጡት አራቱ ነው። እግሩ ሥር ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ጎማዎች፣ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን፣ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። ጅማ ውስጥ ይህ መዘንጋት ያስከፍላል። በልግና ክረምቱን ይዞ በሚዘልቀው ዝናብ ሾፌሩ መነኸሪያ ወርዶ ቀይ ጭቃ ረግጦ ይመለሳል። እርጥብ ጫማ ልሙጥ ጎማ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተተውም አጥብቆ በተረገጠበት ሰዓት ነው።

ፍተሻው የሚጀምረው መኪናውን ሜዳ ላይ ከማቆም ነው። ሞተሩን ያጥፉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ከኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላም ድንጋይ ያስገቡ። ማርሽ አስገብቻለሁ ብለው ድንጋዩን አይተዉት፤ ሲሠሩ ፍሪሲዮኑን ከተጫኑት ማርሹ መኪናውን አይዝም።

ቀጥሎ ፔዳሎቹን በብሩሽና በሳሙና ውኃ ይጠቡ። ጭቃ የሞላው ጎማ ያለቀ ይመስላል፣ ያለቀውም በጭቃው ተሸፍኖ ደህና ይመስላል። ከደረቀ በኋላ በዓይን ከማየት ይልቅ በጣት መዳሰስ ይሻላል። የፍሬኑ ጎማ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው በቀኝ ጠርዙ ነው፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ የሚመጣው በዚያ በኩል ነውና። መስመሮቹ ጠፍተው ልሙጥ ከሆነ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ብቅ ካለ ይቀየር። የፊቱ ገጽ ደህና ቢሆንም በአውራ ጣትዎ ወደ ጎን ይግፉት፤ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ከኋላ ብረቱን አቅፎ የሚይዘው ከንፈር ተቀድዷል ማለት ነው። እኔ ከልሙጡ ይልቅ ይህኛውን እፈራለሁ። ልሙጥ ጎማ እግር ያንሸራትታል፤ ከንፈሩ የተቀደደ ግን ራሱ ወልቆ ከፔዳሉ ሥር ሊገባ ይችላል።

ፍሬኑ ሲረገጥ ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ፣ ወይም የፔዳሉ ክንድ ራሱ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ችግሩ ከጎማው አይደለም። መካኒክ ጋር ይውሰዱት።

(ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰውም እዚህ ቢያጎነብስ አይከፋም። ቆጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር እያሳየ የፔዳሉ ጎማ ብረቱ ድረስ ካለቀ፣ ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።)

ወደ መለዋወጫ መደብር ሲሄዱ የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ይያዙ፤ የፔዳሉን ወርድና ቁመት በማስመሪያ ለክተው ቢጽፉት ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። በብዙ ማንዋል ቶዮታዎች ላይ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ጎማ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቀየር ይቻላል። የአውቶማቲክ መኪና የፍሬን ጎማ ግን ሰፊ ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጎማውን አጥፈው ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ወይም እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ መደርደሪያ ላይ ሲቆይ ደርቋል። በብሎን የሚታሰሩትን የሚያብረቀርቁ የብረት ጌጦች ይተዉአቸው። በገመድ የተጠመጠመ የከመነዳሪ ቁራጭም መፍትሔ አይደለም።

አሮጌውን ለማውጣት አንዱን ጠርዝ በጣት ይዞ መገልበጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ድርቅ ካለ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ያንሡት፤ እምቢ ካለም በቢላ ይቅደዱት፣ ስለቱን ከእጅዎ አርቀው። ከዚያ ብረቱን ያጽዱ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ የተሳለ ጠርዝ ካለ በሞረድ ያለስልሱት፣ አለዚያ አዲሱን ከንፈር ይበላዋል።

አስቸጋሪው ማስገባቱ ነው። አዲሱን ጎማ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢያቆዩት ይለሰልሳል። ከኋላ በኩል ብቻ ትንሽ የሳሙና ውኃ ይቀቡት። ዘይት፣ ግራሶ ወይም ናፍጣ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ሳሙና ይደርቃል፣ ዘይት ግን ጎማውን ያሳብጠዋል፣ እያንሸራተተም ይኖራል። ማስቲሽም አያስፈልግም፤ በደንብ ያልገባን ከንፈር ይደብቃል እንጂ አያጠብቀውም። መጀመሪያ እጅ ለማስገባት የሚያስቸግረውን የላይኛውን ጠርዝ ያስይዙ፣ ጎኖቹን ያስከትሉ፣ የታችኛውን ጥግ መጨረሻ ላይ ይጎትቱ። ያ የመጨረሻው ጥግ ትዕግሥት ይፈትናል። ለዚህ ከካቻቢቴ ይልቅ የማንኪያ እጀታ እመርጣለሁ፤ ጫፉ ዱልዱም ስለሆነ ጎማውን አይቀድም።

ከገባ በኋላ ጣትዎን ከብረቱ ኋላ በአራቱም ጎን ያዙሩ። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ከንፈሩ ታጥፎ ከቀረ አውጥተው እንደገና ያስገቡት። እርጥበቱ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ የወለሉ ምንጣፍ ፔዳሎቹን እንደማይነካም ይመልከቱ። ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሎቹን ደጋግመው ይርገጡ፣ እግርዎንም ሆን ብለው ወደ ጎን ይጎትቱ። ከዚያ አስነሥተው ሰው በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ ላይ በዝግታ ይሞክሩት። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሾፌር ሙከራውን እዚሁ ጅማ መጨረስ አለበት፣ የጊቤ በረሃ ቁልቁለት የመሞከሪያ ቦታ አይደለምና። ከጥቂት ቀናት ሥራ በኋላ ከንፈሩን በጣት አንድ ጊዜ እንደገና ይዳስሱት።