ሊዳሩ ደለል አየሁ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሊዳር ርቀትን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ነው፤ አረንጓዴ ሌዘር፣ አብዛኛውን ጊዜ 532 ናኖሜትር፣ ወደ ባሕሩ ይተኩሳል። ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ደለልና አልጌ ከብርሃኑ ጥቂቱን ወደ ኋላ ይመልሳል። ቶሎ የመጣው ከላይ ነው፤ የዘገየው ከጥልቁ። ችግሩ፣ የተመለሰውን ብርሃን በየጥልቀቱ በሚያሳየው ግራፍ ላይ ያበጠ ነገር ሁሉ ደለል አለመሆኑ ነው።

ከውሃው ገጽ በታች ረጅም ጭራ ይታያል፤ ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የውሃው ገጽ እንደ መስታወት ሲያንጸባርቅ ተቀባዩን ያጥበረብረዋል። ፎቶመልቲፕላየሩ (ደካማ ብርሃንን አጉልቶ የሚቆጥረው የተቀባዩ ክፍል) እስኪያገግም የሌለ ብርሃን መቁጠሩን ይቀጥላል።

ለማረጋገጥ መሣሪያውን የብስ ላይ ወዳለ ግድግዳ አዙሩት። ከግድግዳው ጀርባ ምንም መታየት የለበትም። ጭራው እዚያም ካለ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። ጨረሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች አትተኩሱ፤ 15 ዲግሪ ገደማ አዘንብሉት። የተቀባዩን ቮልቴጅም ቀንሱ። የቀረችውን ጭራ፣ ግድግዳው ላይ በለካችሁት ልክ ከመረጃው መቀነስ ይቻላል። የሲግናሉ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተቆረጠ ግን አትልፉ፤ ያ መረጃ በስሌት አይመለስም።

ደለሉ ናሙና ከተቀዳበት ጥልቀት በታች ይታያል

ብርሃን ውሃ ውስጥ ይዘገያል። በአየር አንድ ናኖሰከንድ የደርሶ መልስ ጉዞ 15 ሴንቲሜትር ርቀት ነው፤ በውሃ 11 ገደማ ብቻ። ይህ ከተረሳ 10 ሜትር ላይ ያለው ደለል 13 ሜትር ላይ ቁጭ ይላል። ከገጹ በታች ያለውን ርቀት ለ1.34 አካፍሉ። ጨረሩን ካዘነበላችሁ ማዕዘኑንም አስሉበት።

ሲግናሉ ገና ከመግባቱ ይጠፋል

"ደለል በዝቷል" ለማለት አትቸኩሉ። ወንዝ የሚያመጣው፣ ከበሰበሰ ቅጠል የሚሟሟው ቡናማ ነገር ብርሃንን ይውጣል እንጂ እምብዛም አይበትንም። ተራ ሊዳር ደግሞ የሚበተነውንና የሚጠፋውን ለይቶ አይነግረንም፤ አንድ ስሌት፣ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች።

አንዱ መውጫ የራማን ቻናል፣ ማለትም የውሃው ሞለኪውሎች ቀለሙን ለውጠው የሚበትኑትን ብርሃን ለብቻው የሚቀበል መስመር፣ መጨመር ነው። ከ532 ተነስቶ 650 ናኖሜትር አካባቢ የሚመለሰው ብርሃን ከራሱ ከውሃው ስለሆነ፣ የሚያሳየው መጥፋቱን ነው። ቀይ ብርሃንን ግን ውሃው ራሱ ቶሎ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጥልቅ ድረስ አትጠብቁት። ቻናሉ ከሌላችሁ በጀልባ ወርዶ በቱርቢዲቲ ሜትር (የውሃን ድፍርስነት በሚለካ መሣሪያ) ከመለካት የተሻለ ነገር የለም።

ነፋስ ሲነሳ ላይኛው ሜትር ላይ "ደለል" ይፈላል

አረፋ ነው። ማዕበሉ የቀበረው የአየር ኳስ ብርሃንን ክፉኛ ይበትናል። ነፋሱ ሲበርድ ደግማችሁ ለኩ።

ታች ላይ ቀጭን፣ ሹል ጫፍ

ምናልባት የባሕሩ ወለል ነው። ውሃው ሞልቶ ሲጎድል ለኩትና አወዳድሩ። ከገጹ ያለው ርቀት በውሃው ከፍታ ልክ ከተለወጠ፣ ያያችሁት አሸዋ ነው።