የቮልስ ሞዴል አሠራር፦ መመሪያው ከሞተር ቢጀምርም እናንተ ከቀለሙ ጀምሩ

በ1 ለ24 ልኬት የተሠራች፣ ራሳችሁ የምትገጣጥሟት የፕላስቲክ የቮልስ ሞዴል ርዝመቷ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አራት ሜትር ከሰባት ሴንቲሜትር የምትሆነዋን እውነተኛዋን መኪና ለ24 ስታካፍሉ የምታገኙት ይኸንኑ ነው። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1966ቱን ቮልስዋገን 1300 በዚህ ልኬት ያቀርባል፤ ሌላው አምራች ሬቬልም የራሱ የቮልስ ኪቶች (ያልተገጣጠሙ ክፍሎች የያዙ ሳጥኖች) አሉት። ከዚህ በታች የምጽፈው ለየትኛውም ይሠራል፤ ዓመተ ምሕረቶቹም የፈረንጅ ናቸው።

ለጀማሪ ቮልስን የምመክረው አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው እውነተኛዋን ማየት ቀላል ስለሆነ ነው። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ያመረተው ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ውስጥ ሲሆን እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም (ይኸኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ ነበረች። ዛሬም መንገድ ላይ አልጠፋችም። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱ፦ የመስታወቱን ጎማ፣ የፓራውልቱን መታጠፊያ፣ የሞተሩን ክዳን በቅርብ። ብቻ ዓመቱን ለዩ። በአውሮፓው ስሪት እስከ 1967 ሞዴል ድረስ የፊት መብራቱ መስታወት ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ፓራውልቱም ይለያል። ደግሞ ስንት ጋራዥ የገባች መኪና የአንዱን ዓመት መብራት ከሌላው ፓራውልት ጋር ይዛ ልታገኟት ትችላላችሁ።

ዕቃ ማሰባሰብ

ትንሽ የጎን መቁረጫ፣ ስለታም ቢላ፣ ወረንጦ፣ ከ400 እስከ 2000 ቁጥር ያለው ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ቀጭን የፕላስቲክ ማጣበቂያ፣ ነጩ የእንጨት ኮላ፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋው መነሻ)፣ ቀለም፣ ክሊር (ከቀለም በላይ የሚነፋው ቀለም አልባ አንጸባራቂ)። ከዚህ የሚበልጠውን ቆይታችሁ ትገዙታላችሁ።

ዕቃውን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል ለማስመጣት ካሰባችሁ አንድ ነገር እወቁ። ኪቱ በሻንጣ ያለ ችግር ይመጣል። የቀለም ስፕሬይና የፕላስቲክ ማጣበቂያ ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ አይጫኑም፤ ዘመዳችሁን ፍተሻ ላይ አታሳጡት። ስፕሬይ እዚሁ ከመኪና ቀለም ቤት ይገኛል፤ ነገር ግን የተሠራው ለላሜራ ነው። ቲነሩ ጠንካራ ከሆነ ፕላስቲኩን ይበላዋል፣ ገጹንም ይሰነጣጥቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍሎቹ ተያይዘው በሚመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም ቁራጭ ላይ ነፍታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። የታሚያን ስፕሬይ የምታገኙ ደግሞ ቲኤስ የሚለውን ምረጡ። ፒኤስ የሚለው ለሪሞት መኪናዎች ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ኪት አይሆንም።

ቦዲውን ማዘጋጀት

የመመሪያው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከሞተርና ከሻንሲ ይጀምርና ቦዲውን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብቡት፤ ሥራውን ግን ከቦዲው ጀምሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ሌላው ሁሉ በሰዓታት ይገጣጠማል። ቦዲውን መጨረሻ ላይ ያመጣ ሰው መኪናዋን ቆማ ለማየት ይቸኩልና ባልደረቀ ቀለም ላይ የጣት አሻራውን ያትማል።

ቦዲውን በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት። ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ካለበት ቀለም አይዘውም። ከዚያ በብርሃን አዟዙራችሁ እዩ፤ የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር ጭቃ መከላከያዎቹ አካባቢና በጣሪያው ጠርዝ ላይ ይታያል። በቢላው ጀርባ ፍቁት፣ ቀጥሎ በ600፣ በመጨረሻም በ1000 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ በሞዴል ስቱኮ ሙሉት።

አሁን የበሩንና የኮፈኑን የመክፈቻ መስመሮች በቢላ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጥልቅ አድርጉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ግን አስቡት፦ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በዚህ ልኬት እውነተኛዋ መኪና ላይ 2.4 ሚሊሜትር ማለት ነው። ፕራይመር፣ ቀለምና ክሊር ሲደራረቡ ጥልቀት የሌለው መስመር ይደፈንና በሩ የሚከፈት አይመስልም።

ቀለም መቀባት

ፕራይመሩን በስሱ ነፉ። ቀይ፣ ቢጫ ወይም ፈዛዛ ቀለም የምትቀቡ ከሆነ ነጭ ፕራይመር፣ ለጥቁርና ለደማቅ ሰማያዊ ግራጫው ይበቃል። ፕራይመር ሲደርቅ ያላያችሁትን ጭረት ሁሉ ያጋልጣል፤ መልሳችሁ አሹት፣ እንደገና ነፉ። በዚህ ደረጃ ያለ እንከን በክሊር ይደበቃል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ። ክሊር ጭራሽ ያጎላዋል።

የስፕሬዩን ጣሳ ለጥቂት ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ግፊቱ ይስተካከላል፣ ቀለሙም በቀጭኑ ይወጣል። ምድጃ ላይ ወይም የፈላ ውሃ ውስጥ ማድረግ ግን ጣሳውን ያፈነዳል። ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳትና ከከሰል ርቃችሁ፣ ጭንብል አድርጋችሁ ሥሩ። ቦዲውን ባዶ ጠርሙስ ላይ በፕላስተር ትከሉት። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ፣ ቦዲው ጋ ሳይደርስ መንፋት ጀምሩ፣ ካለፈ በኋላ አቁሙ። ቦዲው ላይ ጀምሮ ቦዲው ላይ ማቆም ነጠብጣብና ፈሳሽ ይፈጥራል።

የመጀመሪያው ዙር ፕላስቲኩን መሸፈን የለበትም፤ ጤዛ እንደመታው ብቻ ይምሰል። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቃችሁ ሁለተኛውን ጨምሩ፤ ሦስተኛው ትንሽ እርጥብ ሆኖ ይተኛ። የቮልስ አስቸጋሪ ቦታ ጭቃ መከላከያው ከቦዲው የሚገናኝበት ሸለቆ ነው። ቀለም እዚያ ወይ ሳይደርስ ይቀራል ወይ ይጠራቀማል። መጀመሪያ እሱን በአጭር በአጭሩ ነፍታችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ ጎኑ፣ በመጨረሻ ወደ ጣሪያው ሂዱ። ኮፈንና የሞተር ክዳን ተለይተው የሚመጡ ከሆነ በዚያው ሰዓት በዚያው ጣሳ ቀቧቸው፤ በሌላ ቀን ከተቀቡ ቀለማቸው ሊለያይ ይችላል።

በክረምት ዝናብ ሲያረብብ አትንፉ። እርጥበት ያለው አየር ቀለሙን ወተት የነካው ያስመስለዋል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁ። ነፍታችሁ ስትጨርሱ አቧራ እንዳይቀመጥበት ካርቶን ገልብጣችሁ ክደኑት።

ደርቋል አልደረቀም የሚለውን አፍንጫችሁ ይነግራችኋል። የቲነር ሽታ እስካለው ድረስ አልደረቀም። ሳምንት ቢወስድ አይግረማችሁ።

እስኪደርቅ፦ ሻንሲ፣ ሞተርና ጋቢና

ይህ ክፍል ቀላሉ ነው፤ መመሪያውን ተከተሉ። ክፍሎቹን ከፍሬሙ ስትለዩ መጀመሪያ ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቀጥሎ ጠርዙን አስተካክሉ። ቀጭኑን ማጣበቂያ ሁለቱን ክፍሎች ካጋጠማችሁ በኋላ በስንጥቁ ጫፍ ንኩት፤ ስንጥቁ ራሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ማጣበቂያው የሚሠራው ፕላስቲክ ሲነካ ብቻ ስለሆነ የሚጣበቀው ቦታ ላይ ያለውን ቀለም ወይም ኒኬል ፋቁ።

ሞተሩ ከኋላ ነው፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ ራዲያተር የለውም። የማራገቢያውን ሽፋን ከፊል አንጸባራቂ ጥቁር፣ የሞተሩን አካል ደብዛዛ አሉሚኒየም ብትቀቡት እውነተኛውን ይመስላል። ጎማዎቹን መንገድ በሚነካው በኩል በብርጭቆ ወረቀት እሹአቸው፤ የሚያብለጨልጭ ጎማ ሞዴሉን አሻንጉሊት ያደርገዋል።

ማጥራትና ማስጌጥ

በውሃ የሚለጠፉ ጽሑፎች ካሉ አሁን ለጥፉና ሙሉ በሙሉ ይድረቁ። ክሊሩ የመጀመሪያ ዙሮቹ በጣም ስስ ይሁኑ፤ አንዴ በወፍራሙ ከመጣ ጽሑፉን ያጨማድደዋል። ክሊሩም በተራው ቀናት ይፈልጋል። ከዚያ በ2000 ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እሹት፣ በኮምፓውንድ (በማሳመሪያ ቅባት) እና በጥጥ ጨርቅ አሳምሩት። የኮፈኑን መሃል ጉብታና የጭቃ መከላከያውን ጠርዝ ግን አትንኩ፤ ቀለም ከጠርዝ ላይ ስስ ስለሆነ ፕላስቲኩ ቶሎ ብቅ ይላል።

የመስታወቶቹን ጎማ ከፊል አንጸባራቂ ጥቁር ቀቡ። በጎን በኩል የሚሄደውን የኒኬል መስመር በብር ቀለም ከመቀባት ለዚሁ የተሠራውን ተለጣፊ ስስ ፎይል ማልበስ በብዙ ይበልጣል። ለጥፉት፣ በጥጥ እንጨት እሹት፣ በአዲስ ምላጭ ዳሩን ቁረጡ።

መስታወቱን በሱፐር ግሉ አታጣብቁ፤ ትነቱ ያደበዝዘዋል። ነጩ ኮላ ሲደርቅ አይታይም፣ ቢፈስም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

በመጨረሻ ቦዲውን ሻንሲው ላይ ግጠሙት፤ እውነተኛዋም ቦዲዋ ከወለሏ ጋር የሚያያዘው በብሎን ነው። ሰሌዳ ከኪቱ የሚመጣው የውጭ ስለሆነ እኔ የአገር ቤቱን አስገባለሁ፦ እውነተኛ ሰሌዳ ለክታችሁ ለ24 አካፍሉ፣ በዚያው ልክ ወረቀት ላይ አትሙ፣ በኮላ ለጥፉ። ለቆየው የግል መኪና ሰሌዳ ኮድ 2፣ በነጭ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ ነው።