ትልቅ ባኞ ከመግዛታችሁ በፊት

ባኞ ቤት እያደሳችሁ ትልቅ ባኞ ካማራችሁ መጀመሪያ ሱቅ አትሂዱ፣ ሜትር ያዙና ክፍሉን ብቻ ሳይሆን በሩን፣ ኮሪደሩን፣ የደረጃውን መታጠፊያ ሁሉ ለኩ፣ ምክንያቱም 170 በ75 ሳንቲ ባኞ ክፍሉ ቢበቃውም ካዛንቺስ ወይ አራት ኪሎ ያለ የድሮ አፓርታማ ደረጃ ላይ ላይዞር ይችላል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ውሃ ነው። ባኞው 200 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ እኛ ጋ ደግሞ ውሃው በፈረቃ ነው፣ ስለዚህ ሮቶ የግድ ነው። ቦይለሩንም አስቡት፦ 80 ሊትሩ 60 ዲግሪ ሞቆ ከ18 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 40 ዲግሪ የሆነ 150 ሊትር አካባቢ ነው የሚሰጣችሁ፣ 50 ሊትሩማ 95 ቢሆን ነው። እኔ ብሆን ቦይለሩን ሳልቀይር ባኞ አልገዛም።

አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ ሰውና ባኞው ሲጨመርበት ወለሉ ላይ 300 ኪሎ ሊያርፍ ይችላል። ፒያሳ አካባቢ ጣውላ ወለል ያለው ፎቅ ቤት ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው እንዳታስገቡ፣ በናታችሁ!

ካስት አይረን ሙቀት ይይዛል ግን ባዶውን ራሱ ከ100 ኪሎ ያልፋል፣ ለፎቅ ቤት አክሪሊክ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ታችኛውን በእጃችሁ ጫን አርጉት፣ ከተለመጠ ተዉት። ጫማ አውልቃችሁ ተኙበትም፣ አትፈሩ፣ ጀርባ የማይደግፍ ባኞ ምንም አይጠቅምም።

ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ባኞውን ሞልታችሁ ልቀቁት፣ ሲፎኑ ካንጠባጠበ ያኔ ይታያል፣ እዛው ጋ ለጥገና የሚከፈት ትንሽ በርም አሠሩ።