ወንዝ ዳር ያለ ዛፍ እንዴት ይነበባል? ከውሃው ጀምራችሁ ወደ ላይ

ብዙዎቻችን ወንዝ ዳር ስንሄድ አረንጓዴው ደስ ይለንና ሁለት ሶስት ፎቶ አንስተን እንመለሳለን፣ ችግር የለውም፣ ግን ትንሽ ቆም ብላችሁ ካያችሁ ዛፎቹ ዝም ብለው የተደባለቁ አይደሉም፣ ሁሉም ከውሃው የራሱን ርቀት ጠብቆ ነው የቆመው። የማወራው ስለ ወይና ደጋ ነው፣ ተራራው አልቆ ሜዳው ሊጀምር ሲል ስላሉት ትንንሽ ወንዞች፣ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር አካባቢ።

ጊዜው ጥቅምት ወይ ኅዳር ይሁን። ክረምት ላይ ወንዙ አያስጠጋም፣ በጋው ከገፋ ደግሞ ከብቱ ግማሹን ግጦ ይጨርሰዋል። ጥቅምት ላይ ጎርፉ ያመጣው ገለባና ፌስታል ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ፣ ውሃው እስከየት እንደደረሰ እሱ ይነግራችኋል፣ መጀመሪያ እሱን ፈልጉና ምልክት አድርጉበት።

ከዛ 20 ወይ 30 ሜትር ገመድ (የልብስ ማስጫም ይሆናል) ከውሃው ጫፍ ወደ ዳገቱ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ። ወንዙን ተከትላችሁ እንዳትዘረጉት፣ እኔ መጀመሪያ እንደዛ አድርጌ ሙሉ ቀን አንድ አይነት ስም ስጽፍ ዋልኩ። ከገመዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት እርምጃ ውስጥ ያለውን መዝግቡ፣ ያላወቃችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ለእረኛ አሳዩ፣ እረኛ ከአፕ ይበልጣል ስላችሁ።

ውሃው ጫፍ ላይ ቀጠማ፣ ፊላ፣ ሸምበቆ ታገኛላችሁ፣ እዛው እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ አኻያ አለች፣ ቅጠሏ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጎርፍ ሲመጣ ትለመጥና ሲያልፍ ቀና ትላለች። አንዳንድ ቦታ ከአንድ ስር ብዙ ግንድ ያወጣ ዘምባባም አለ፣ ያው የሆሳዕናው።

ከአኻያዋ ጀርባ ትልልቆቹ ናቸው፣ ሾላ፣ ወርካ፣ ዶቅማ፣ እሸ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚምታታበት። ቅጠል ስትቀነጥሱ ነጭ ወተት ከወጣ ሾላ ወይ ወርካ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፣ እሸም ወተት አላት። ቅጠሉ የወጣበትን ቀንበጥ እዩ፣ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ጠባሳ ካለው ከነ ሾላ ወገን ነው። ሾላና ወርካን ለመለየት ደግሞ ፍሬው የት ነው በሉ፣ ሾላ ግንዱና ትልልቅ ቅርንጫፉ ላይ ተንዠርግጎ ያፈራል፣ የወርካው ግን ጫፍ ላይ ከቅጠሉ አጠገብ ነው። (ሾላ ሳያብብ ያፈራል የሚባለው እውነት አይደለም፣ አበባው ፍሬው ውስጥ ነው፣ ጥቃቅን ተርቦች ገብተው ነው የሚያዳቅሉት።) ዶቅማ ወተት የለውም፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፣ ለጋው ቀላ ይላል።

ከጎርፉ ምልክት በላይ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ከዛ ወይራ፣ አጋም፣ ክትክታ ይመጣሉ። ወይራና ክትክታ ውሃው አፍ ድረስ ወርደው ካያችሁ ግን ጠርጥሩ፣ ወንዙ መሬቱን ቦርቡሮ ወደ ታች ስለወረደ ዳርቻው ደርቆ ሊሆን ይችላል።

ይሄ መስመር የማይሰራበትም ቦታ አለ። አርባ ምንጭ ከተማ ስር፣ ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ያለውን ደን ያየ ያውቀዋል፣ ውሃው ከተራራው ግርጌ ከመሬት ስር ስለሚመነጭ ትልልቆቹ ሾላዎች ከወንዙ ርቀውም ደን ሰርተው ታገኟቸዋላችሁ።

ቁጥቋጦ መሀል እንዶድ ካገኛችሁ እሱንም ጻፉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የደረሱበት። እግረ መንገዴን፣ በሽታው ከውሃው በቆዳ በኩል ስለሚገባ ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ሳማም ስላለ ሙሉ ሱሪ ልበሱ።

የወፍ ቆሎ፣ ጉሎና አስተናግር ከበዙ ቦታው ተረብሿል። ከዚህ በላይ ግን እኔ የማየው ችግኝ ነው፣ አንድ ትልቅ ዶቅማ ቆሞ ከስሩና ከአካባቢው አንድም ልጅ ከሌለው ከብት እየበላው ነው፣ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር በሉት፣ ከሩቅ ግን አረንጓዴ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

መትከል ካማራችሁ የጻፋችሁትን ተከተሉ፣ ባህር ዛፉን ለሌላ ቦታ ተዉት። ክረምቱ ሲገባ ከአኻያ ውፍረቱ አውራ ጣት የሚያህል ዱላ ቆርጣችሁ ውሃው ጫፍ ላይ ግማሹን መሬት ውስጥ አስገቡት፣ ሾላም በቁራጭ ይይዛል፣ እሱን ትንሽ ራቅ አድርጉት። ወይራ ከጎርፉ ምልክት በላይ ይሁን፣ የኔዎቹን ወደ ውሃው አስጠግቼ ተክዬ ነሐሴ ላይ ወንዙ ይዟቸው ሄደ። የዶቅማ ፍሬ እንደ እህል አስቀምጦ ለከርሞ የሚዘራ አይደለም፣ ቶሎ ይሞታል፣ ስጋውን አጥባችሁ በዛው ሰሞን ችግኝ ማፍያ ላስቲክ ውስጥ ዝሩት፣ ስትተክሉት ደግሞ እሾህ እጠሩለት።